«ይህ ከሆነ» የሚለው ትእዛዝ የት ድረስ ያስራል? ስለ ሜሞሪ ቅደም ተከተል የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ይህን መንገድ ከእኛ ቀድማችሁ የጀመራችሁ ታላላቆቻችን፣ ከትምህርት ገበታ ተነሥታችሁ የመጣችሁ ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ሰጥታችሁ እንዲህ ያለ ደረቅ የሚመስል ርእስ ለመስማት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ደረቅ የሚመስል አልኩ እንጂ ደረቅ ነው አላልኩም፤ እኔን ለሳምንታት እንቅልፍ የነሣኝ ጉዳይ ነውና።

ዛሬ የምናገረው በብዙ ኮር፣ ማለትም በአንድ ማሽን ውስጥ ጎን ለጎን በሚሠሩ የማስሊያ ክፍሎች፣ ላይ በአንድ ጊዜ በሚሮጥ ፕሮግራም ውስጥ አንዱ ኮር የጻፈውን ሌላው ኮር በምን ቅደም ተከተል እንደሚያየው፣ በተለይም «ኢፍ» ብለን የምንጽፈው ቅድመ ሁኔታ ይህን ቅደም ተከተል መቼ እንደሚያስጠብቅና መቼ እንደማያስጠብቅ ነው። በሦስት ነጥቦች እሄዳለሁ። አንደኛ፣ የጻፍነው ቅደም ተከተል ለምን ይፈርሳል? ሁለተኛ፣ «ኢፍ» የሚያስረው ምንን ነው? ሦስተኛ፣ የጻፍነውን ኮድ ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ያንን እስራት እንዴት ይፈታዋል? ረጅሙ ሁለተኛው ነው፤ ከወዲሁ እንድታውቁት ብዬ ነው።

ለመጀመር አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አንድ ትሬድ፣ ማለትም በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሮጡት የሥራ ክሮች አንዱ፣ በመጀመሪያው መስመር መረጃውን ጻፈ፤ በሁለተኛው መስመር «መረጃው ዝግጁ ነው» የሚለውን ፍላግ ከ0 ወደ 1 ቀየረ። በሌላ ኮር ላይ ያለው ትሬድ ፍላጉ 1 መሆኑን ካየ በኋላ መረጃውን ቢያነብ አዲሱን ያገኛል ወይስ አያገኝም? እስቲ «ያገኛል» የምትሉ እጃችሁን አውጡ። አመሰግናለሁ፤ ከአዳራሹ አብዛኛው ነው። እኔም ብዙ ዓመት በዚሁ ወገን ነበርኩ።

ወደ መልሱ ከመሄዴ በፊት ወደ ልጅነቴ ልመልሳችሁ። አያቴ ጠላ ጠምቀው ይሸጡ ነበር። በደጃፋቸው ላይ አንድ ረጅም እንጨት ተተክሎ ነበር፤ ጠላው ሲደርስ በእንጨቱ ጫፍ ላይ ጣሳ ይደፋበታል። መንገደኛው ጣሳውን ሲያይ ጠላ መኖሩን ያውቃል፣ ማንንም ሳይጠይቅ ጎንበስ ብሎ ይገባል። ጣሳውን የመድፋት ሥራ የእኔ ነበር። አያቴ አንድ የማይሻር ሕግ ነበራቸው፦ ጋኑ ተከፍቶ ጠላው ወደ ገንቦ ሳይገለበጥ ጣሳው አይወጣም። አንድ የገበያ ቀን እኔ ለመጫወት ቸኩዬ፣ ጋኑ ገና በጭቃ እንደተመረገ፣ ጣሳውን ደፍቼ ሮጥኩ። ሦስት ሰዎች ከሩቅ አይተው ገቡ። አያቴ ባዶ ዋንጫ ይዘው እንግዶቹ ፊት የቆሙበት ገጽታ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

እንግዶቹ የሠሩት ስሕተት አለን? የለም። ጣሳውን አዩ፣ ገቡ። ስሕተቱ ጣሳውና ጠላው ቅደም ተከተላቸውን መሳታቸው ነው። እንግዲህ ፍላግ ማለት ጣሳ ነው፤ መረጃ ማለት ጠላው ነው። ይህን ምሳሌ ያዙልኝ፣ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ሁላችንም በልባችን የምንመኘውን ዓለም በትክክል ገልጾታል፤ የሁሉም ፕሮሰሰሮች ሥራ በአንድ ሰልፍ ተራ በተራ የተፈጸመ እስኪመስል ድረስ፣ በዚያም ሰልፍ ውስጥ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር ፕሮግራሙ ያዘዘውን ቅደም ተከተል ጠብቆ የሚታይበት ዓለም ነው። ዛሬ በጠረጴዛችሁም ሆነ በኪሳችሁ ያለው ማሽን ግን እንዲህ ያለ ዓለም አይሰጣችሁም። ኮሩ አንድ ነገር ሲጽፍ ጽሑፉ በቀጥታ ካሽ ወደሚባለው ፈጣን ሜሞሪ አይገባም፤ ስቶር በፈር በምትባል ትንሽ ማቆያ ውስጥ ተራውን ይጠብቃል፣ ኮሩ ግን ሳይጠብቀው ወደሚቀጥለው ሥራ ያልፋል። በኤክስ 86 ፕሮሰሰሮች ላይ ይህ የሚያመጣው ጣጣ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ በኋላ የታዘዘ ንባብ ቀድሞ ከታዘዘ ጽሑፍ ሊቀድም ይችላል። ሁለት ትሬዶች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ፍላግ ከ0 ወደ 1 ጽፈው ወዲያው የሌላውን ቢያነቡ፣ ሁለቱም 0 ሊያነቡ ይችላሉ። በኤአርኤምና በፓወር ፕሮሰሰሮች ላይ ግን በሩ ከዚህ በጣም ሰፊ ነው፤ ጽሑፍ ከጽሑፍ፣ ንባብ ከንባብ፣ ንባብ ከጽሑፍ ጋር ቦታ ሊለዋወጥ ይችላል፣ የሚያስረው ነገር ከሌለ በቀር። ስለዚህ «ያገኛል» ብላችሁ እጃችሁን ያወጣችሁ ሁሉ፣ ኮምፓይለሩ ካልነካው ኤክስ 86 ባለው ላፕቶፕ ላይ ልክ ናችሁ፤ ኤአርኤም ባለው ስልካችሁ ላይ ግን አይደላችሁም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ የመጣሁበት ጉዳይ ይህ ነው።

አንድ ነገር አንብበን፣ ባነበብነው ላይ ተመሥርተን «ይህ ከሆነ» ብለን፣ ከዚያ ሌላ ነገር ብናደርግ፣ በመጀመሪያው ንባብና በኋለኛው ድርጊት መካከል ያለው ግንኙነት ኮንትሮል ዲፔንደንሲ ይባላል። በአማርኛ የቅድመ ሁኔታ ጥገኝነት ልንለው እንችላለን፤ እኔ ግን በሥራ ላይ በምንጠራበት ስም እቀጥላለሁ። የሁላችንም የተፈጥሮ ስሜት ምን ይለናል? «ቅድመ ሁኔታው ሳይታወቅ ውስጡ ያለው እንዴት ይፈጸማል?» ይለናል። ስሜታችን ግማሹን ልክ ነው። ግማሹን ብቻ።

ፕሮሰሰሩ «ኢፍ» ላይ ሲደርስ ቆሞ አይጠብቅም። የሚነበበው ነገር ከሩቅ ሜሞሪ እስኪመጣ ድረስ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚኬድ ይገምትና በግምቱ ወደፊት ይሄዳል። ግምቱ ከተሳካ ሥራው ይጸድቃል፤ ካልተሳካ የሠራውን ጥሎ ይመለሳል። እንግዲህ በዚህ በግምት በሚሄድበት ሰዓት ምን ማድረግ ይፈቀድለታል? ማንበብ ይፈቀድለታል፤ የተነበበን ነገር መጣል ይቻላልና። መጻፍስ? የጻፈውን ለሌሎች ኮሮች ማሳየት አይፈቀድለትም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ ሌላው ኮር አንድ ጊዜ ያየውን ጽሑፍ «አላየህም» ብሎ መመለስ አይቻልም። ከዚህ የሚወጣው ሕግ አጭር ነው፤ እባካችሁ በቃላችሁ ያዙት። ኮንትሮል ዲፔንደንሲ ቀድሞ የመጣ ንባብን በኋላ ከሚመጣ ጽሑፍ ጋር ያስራል። ንባብን ከንባብ ጋር አያስርም። ደግሜ እላለሁ፤ ንባብን ከንባብ ጋር አያስርም።

በጠላ ቤቱ ልመልከተው። አንድ እንግዳ ገና ከሩቅ ሳለ ልጁን «ሩጥና ጠላ እንዳለ እይ» ብሎ አስቀድሞ ላከ እንበል። ልጁ ሮጦ ገባ፣ ጋኑ ተመርጎ አየ፣ «የለም» የሚል መልስ ይዞ ወጣ። በዚህ መካከል አያቴ ጋኑን ከፈቱ፣ ጣሳውም በሥርዓቱ ተደፋ። እንግዳው ደጃፍ ደርሶ ቀና ሲል ጣሳውን አየ። አሁን በእጁ ሁለት ነገር አለ፤ አንደኛው ዓይኑ ያየው ጣሳ፣ ሁለተኛው ልጁ ቀድሞ ያመጣው ያረጀ መልስ። ፕሮሰሰሩ ያንን ያረጀ መልስ ይዞ ይቀጥላል፤ ግምቱ ማለትም «ጣሳው ይኖራል» የሚለው ተሳክቶለታልና። አያቴ በወጣላቸው ሥርዓት ሁሉን በትክክል አድርገዋል፤ ችግሩ ያለው በእንግዳው በኩል ነው። ያው እንግዳ ግን ገንዘቡን ጣሳውን ሳያይ በልጁ እጅ አይልክም፤ የተከፈለ ገንዘብ ተመላሽ የለውምና። ንባቡ ልጁን መላክ ነው፤ ጽሑፉ ገንዘቡን መክፈል ነው።

ይህ ስሕተት በራሴ ላይ እንዴት እንደደረሰ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት የመለኪያ መሣሪያዎችን ንባብ እየሰበሰበ የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር ሠራሁ። አንዱ ትሬድ ከመሣሪያው እየተቀበለ 256 ቦታ ባላት፣ ስትሞላም ከመጀመሪያዋ ቦታ እንደገና በምትጻፍ ሪንግ በፈር ውስጥ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ከበፈሩ እያነበበ ወደ ፋይል ያወርዳል። በጸሐፊው በኩል መረጃው ከተጻፈ በኋላ፣ እስከ የት እንደተጻፈ የሚያሳየው ጠቋሚ ከመገፋቱ በፊት፣ ባሪየር፣ ማለትም ከሱ በፊትና ከሱ በኋላ ያሉት እንዳይቀዳደሙ የሚከለክል ትእዛዝ፣ አስቀምጬ ነበር። በአንባቢው በኩል ግን «ጠቋሚው ከእኔ ከቀደመ አንብብ» የሚል አንድ «ኢፍ» ብቻ ነበር። በላፕቶፔ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲሮጥ አድሮ አንድም ግድፈት አልታየበትም። አራት ኮር ባለው ትንሽ የኤአርኤም ቦርድ ላይ ስናስገባው፣ በሦስተኛው ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ተደወለልኝ።

ፋይሉን ከፍቼ ተራ ቁጥሮቹን አየሁ። 4869፣ 4870፣ ከዚያ 4615፣ ከዚያ 4872። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሰዓት ሁሉም ደኅና ነው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት መሣሪያውን ነበር፤ ከዚያ ገመዱን፣ ከዚያ የፋይል አጻጻፉን። ምክንያቱን ለማየት መልእክት በስክሪን ላይ የሚያወጣ የሕትመት መስመር በአንባቢው ውስጥ ስጨምር ግድፈቱ ጨርሶ ጠፋ፤ ስነቅለው በሁለት ቀን ውስጥ ተመለሰ። የሕትመቱ መስመር ጊዜ ይወስዳል፣ በውስጡም የራሱ ቁልፍ አለበት፤ ስለዚህ ሳላውቅ ቅደም ተከተሉን ያስጠብቅልኝ ነበር። ሳምንታት ካለፉ በኋላ አንድ ማታ 4871ን ከ4615 ጋር ወረቀት ላይ ጽፌ ቀነስኩ። ልዩነቱ 256 ነው። የበፈሩ ስፋት ማለት ነው። አንባቢው የተሳሳተ ቦታ አላነበበም፤ ትክክለኛውን ቦታ ከአንድ ዙር በፊት በነበረበት ይዘት ነበር ያነበበው። ፕሮሰሰሩ ጠቋሚው እስኪመጣለት ሳይጠብቅ ቦታውን አስቀድሞ አነበበ፣ ከዚያ ጠቋሚው ሲመጣ ግምቱ ልክ ሆነ፣ ያረጀው ንባብም ጸደቀ። መፍትሔው አንድ መስመር ነበር፤ «ኢፍ» ካለፈ በኋላ፣ መረጃው ከመነበቡ በፊት፣ የንባብ ባሪየር።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ባሪየር በአንድ ወገን ብቻ ቆሞ የሚሠራ ነገር አይደለም። ጸሐፊው ቢጠነቀቅ አንባቢው ካልተጠነቀቀ የጸሐፊው ጥንቃቄ ከንቱ ነው። ባሪየሮች ጥንድ ናቸው።

እንግዲያው «ኢፍ» ብቻውን የሚበቃበት ቦታ አለ ወይ? አለ፤ ምሳሌውም በሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም በሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት ውስጥ፣ ፐርፍ በሚባለው የአፈጻጸም መለኪያ ክፍል ሪንግ በፈር ላይ ይገኛል። በዚያ ከርነሉ ጸሐፊ ነው፣ የተጠቃሚው ፕሮግራም አንባቢ ነው። አንባቢው አንብቦ ሲጨርስ «እስከዚህ ድረስ ወስጃለሁ» የሚለውን የጅራት ጠቋሚ ይገፋል። ከርነሉ ያንን ጠቋሚ ያነባል፣ ባዶ ቦታ ካለ ብቻ አዲስ መረጃ ይጽፋል። ልብ በሉ፤ ይህ ንባብ፣ ቅድመ ሁኔታ፣ ከዚያ ጽሑፍ ነው። አያቴ ዋንጫው ባዶ ሆኖ ሲመለስላቸው ሳያዩ ጠላ አይቀዱም ነበር፤ የተቀዳ ጠላ ተመልሶ ገንቦ አይገባምና። ስለዚህ በዚህ ቦታ ከርነሉ የንባብ ባሪየርም ሆነ ሙሉ ባሪየር አላስቀመጠም፤ በቅድመ ሁኔታው ላይ ተማምኗል፣ መተማመኑንም በኮዱ ውስጥ በግልጽ አስተያየት ጽፎታል። የቀሩት ሦስት ቦታዎች ግን ባሪየር አላቸው፦ ከርነሉ መረጃውን ጽፎ የራሱን ጠቋሚ ከመግፋቱ በፊት የጽሕፈት ባሪየር፣ አንባቢው ጠቋሚውን አይቶ መረጃውን ከማንበቡ በፊት የንባብ ባሪየር፣ አንብቦ ጨርሶ ጅራቱን ከመግፋቱ በፊት ደግሞ ሙሉ ባሪየር። አንባቢው ጠጥቶ ሳይጨርስ ዋንጫውን ቢመልስ ምን እንደሚሆን አስቡት፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይቀዳል።

ለምን ይህን ያህል ይቆጥባሉ ብትሉኝ፣ ይህ መንገድ እያንዳንዱ ክስተት የሚመዘገብበት መንገድ ስለሆነ ነው። ባሪየር ኮሩን ያስጠብቃል፤ ቅድመ ሁኔታው ግን ለማንኛውም የሚጻፍ ስለሆነ ተጨማሪ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ ደርሻለሁ። እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ የፕሮሰሰሩ ቃል ኪዳን ነው። እኛ ግን የምንጽፈው ለፕሮሰሰሩ ሳይሆን ለኮምፓይለሩ ነው፤ ኮምፓይለሩ ደግሞ ኮንትሮል ዲፔንደንሲ የሚባል ነገር አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጡት የሲ እና የሲ ፕላስ ፕላስ የፕሮግራም ቋንቋዎች ደረጃዎች ስለ ሜሞሪ ቅደም ተከተል በዝርዝር ሲደነግጉ «በቅድመ ሁኔታ የታሰረ ንባብና ጽሑፍ ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል» የሚል ዋስትና አልሰጡም። በቋንቋው ዓይን የእናንተ «ኢፍ» የአንድ ትሬድ የውስጥ ጉዳይ ነው፤ ውጤቱ ካልተለወጠ ኮምፓይለሩ እንደፈለገ ሊያሳጥረው መብት አለው።

እንዴት ያሳጥረዋል? ፍላጉን አንብባችሁ፣ 1 ከሆነ «ለ» በሚባል የሜሞሪ ቦታ ላይ 1 ጽፋችሁ አንድ ሥራ ሠራችሁ፣ ካልሆነም «ለ» ላይ 1 ጽፋችሁ ሌላ ሥራ ሠራችሁ እንበል። ኮምፓይለሩ ሁለቱም ቅርንጫፎች የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት ጽሑፍ መሆኑን ያያል፣ ጽሑፉን ከ«ኢፍ» በላይ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ በንባቡና በጽሑፉ መካከል ምንም ቅድመ ሁኔታ የለም፤ ፕሮሰሰሩ እንዳሻው ያቀዳድማቸዋል። ከዚህ የሚረቅቅ ሌላም አለ። ያነበባችሁትን ቁጥር በአንድ ቋሚ ቁጥር አካፍላችሁ ቀሪውን ብትመረምሩ፣ ያ ቋሚ ቁጥር በአንድ አነስተኛ ማሽን ቅንብር ላይ 1 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ማንኛውም ቁጥር ለ1 ሲካፈል ቀሪው 0 ነው፤ ኮምፓይለሩ ይህን ያውቃል፣ «ኢፍ»ን ከነንባቡ ጥገኝነት ይሰርዘዋል። ኮዱ አንድ ፊደል ሳይለወጥ በአንዱ ቅንብር ትክክል፣ በሌላው ስሕተት ይሆናል። ይህን ዓይነት ግድፈት በፈተና ማን ያገኘዋል? እኔ አላገኘውም ነበር።

ከ«ኢፍ» ቅንፍ ውጭ፣ ከሱ በታች የሚመጣ ጽሑፍም በእስራቱ ውስጥ አይቆጠርም። ኮምፓይለሩ አጭሩን ቅርንጫፍ ወደ ሁኔታዊ የማዛወሪያ ትእዛዝ ሊለውጠው ይችላል፤ ያኔ ቅርንጫፍ የሚባል ነገር ስለማይኖር ከታች ያለውን የሚያስረው ነገር የለም።

የከርነል ጸሐፊዎች ለዚህ ራሳቸውን ያስታጠቁት በደንብ ነው። ንባቡን «ሪድ ዋንስ»፣ ጽሑፉን «ራይት ዋንስ» በተባሉ ማክሮዎች ያደርጋሉ፤ እነዚህ ኮምፓይለሩ ንባቡን እንዳይደግመው፣ እንዳይጥለው ወይም ከሌላ ጋር እንዳያዋህደው ይከለክሉታል። ነገር ግን ስሙን አይታችሁ አትታለሉ፤ «ኢፍ» ራሱ እንዲቀር አያስገድዱትም። እ.ኤ.አ. በ2021 ኮምፓይለሩ ሊያጠፋው የማይችል ልዩ «ኢፍ» በከርነሉ ውስጥ ይጨመር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙ ተከራክረውበታል፤ ሳይጨመር ቀረ። እኔ ሐሳቡን ካቀረቡት ወገን ነበርኩ በልቤ፤ ትርጉም ያለው ነገር በምልክት መታየት አለበት ብዬ ስለማምን ነው። የተቃወሙትም ግን መሠረት ነበራቸው፤ በእውነተኛ ኮድ ላይ ይህ ሲፈርስ በተጨባጭ እስኪታይ ድረስ መሣሪያ መጨመር ሸክም ነው ብለዋል።

ከእናንተ መካከል ከርነል የሚጽፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ለቀራችሁት ልመናዬ ይህ ነው። በመደበኛ ሥራችሁ በኮንትሮል ዲፔንደንሲ ላይ አትደገፉ። ፍላጉን በአኳየር አንብቡ፣ በሪሊስ ጻፉ። አኳየር ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ከሱ ቀድሞ እንዳይሾልክ ይይዛል፤ ሪሊስ ከሱ በፊት ያለው ሁሉ ወደ ኋላ እንዳይቀር ይይዛል። ኤአርኤም ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ለሁለቱም የራሳቸውን ትእዛዝ አዘጋጅቶላቸዋል፤ በኤክስ 86 ላይ ደግሞ ተራው ንባብና ተራው ጽሑፍ ራሱ ይበቃቸዋል። እነዚህን ኮምፓይለሩም ያውቃቸዋል፣ ፕሮሰሰሩም ያውቃቸዋል፣ ከእናንተ በኋላ ኮዱን የሚረከበው ሰውም ያውቃቸዋል። የግድ በ«ኢፍ» ላይ መደገፍ ካለባችሁ፣ ከአጠገቡ አስተያየት ጻፉ፤ የትኛው ንባብ ከየትኛው ጽሑፍ ጋር እንደታሰረ፣ ጥንዱም በየትኛው ፋይል እንደሚገኝ። በሊኑክስ ከርነል አስተያየት የሌለው ባሪየር የጻፈ ሰው ከማረሚያው መሣሪያ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። ይህ ጥሩ ልማድ ነው፤ ብንወስደው አያስነውረንም።

አንድ ነገር ቀረኝ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከርነሉ የሜሞሪ ሞዴሉን፣ ማለትም የትኛው ቅደም ተከተል እንደሚፈቀድ የሚደነግገውን ሕግ፣ በጥብቅ የሒሳብ ቋንቋ ተጽፎ ከነኮዱ ይዞታል፤ ሄርድ 7 የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ጥቂት መስመር ያለውን ትንሽ ፕሮግራም ተቀብሎ በሞዴሉ የሚፈቀዱ ውጤቶችን በሙሉ ይዘረዝራል። ያ ሳምንታት የፈጀብኝን ግድፈት በኋላ ላይ ለዚህ መሣሪያ ጻፍኩለት። በአንድ ወገን ጸሐፊው ከነባሪየሩ፣ በሌላው ወገን አንባቢው «ኢፍ» ብቻ ይዞ። ያረጀ መረጃ ሊነበብ ይችላልን ብዬ ጠየቅኩት። ሰከንድ ሳይሞላ «አንዳንድ ጊዜ» አለኝ። የንባብ ባሪየሩን ጨምሬ ደግሜ ጠየቅኩት፤ «በጭራሽ» አለኝ። ሁለቱም ፋይሎች በዚህ ላፕቶፕ ላይ አሉ። ከእረፍት በኋላ በስክሪኑ ላይ እንከፍታቸውና፣ ጥያቄ ያላችሁ «ኢፍ»ውን፣ ባሪየሩን፣ ቅርንጫፎቹን በየተራ እየነቀላችሁ መልሱ እንዴት እንደሚለዋወጥ አብረን እናያለን። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።